የስንብቶሽ ባለቤት

በሙያዬ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጬ ሌላ ሰው የጻፈውን አነባለሁ። የተረሳውን ነጥብ አስገባለሁ፣ የተገለበጠውን ፊደል አቀናለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስኖር ጠባዬም ሥራዬን መሰለ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳነብ እንኳ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ባሌ ለእንግዳ ሁሉ «ይቺ እኮ የፍቅር ደብዳቤዬን አርማ የመለሰችልኝ ሴት ናት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሦስት ስህተት ነበረው።

አንድ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ አንድ ክምር ፕሩፍ፣ ገና ያልታረመ የሙከራ ኅትመት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ነው። የመጀመሪያው እትም ሌላ ቦታ ታትሞ አለቀ፤ ሁለተኛው እኛ ጋ መጣ። እስቲ ቶሎ በይው» ብሎኝ ሄደ። አዘጋጁ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሳነብ ደስ አለኝ። ፍቺዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ምሳሌዎቹ ሰው ሰው ይሸታሉ። «ለ» ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። «ሐ» ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና አነበብኩ። የማታውቁት ሰው ቤት ገብታችሁ የራሳችሁን ወንበር ብታገኙት ምን ይሰማችኋል? እኔም የተሰማኝ እንደዚያ ነው። «ሐሜት» የሚለው ቃል «ሰው በሌለበት የሚቀርብለት ግብዣ» ተብሎ ተፈትቷል። እንዲህ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም አባቴ ነው።

ቢሆንም አራሚ በጥርጣሬ አይፈርድም። መዝገበ ቃላት ከመዝገበ ቃላት መመሳሰሉ አይቀርም። ውሻን ሰው እንዴት አድርጎ በሌላ መንገድ ይፍታው? ይህን እያልኩ ራሴን ሳጽናና «ሰ» ላይ ደረስኩ፤ እዚያ እጄ ቆመ።

«ስንብቶሽ፦ ተሰናብተው ሳይሄዱ በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ረጅም ወሬ። ምሳሌ፦ እማዬ በስንብቶሽ ድስት አሳረረች።»

ይቺ እማዬ የእኔ እናት ናት። ድስቱም የኛ ድስት ነው። እስከ ዛሬ ወላጆቼ ኩሽና ውስጥ አለ፤ ቂጡ ላይ ያለችው ጥቁር ክብ በምንም ፍተጋ አልለቀቀችም።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሲለይ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቃል» ይለዋል። ሰው ሰላም ሲለው «ደህና ነኝ» ከማለቱ በፊት «አሁን ምን አልክ? እስቲ ድገማት» ስለሚል ነው። ፖስታ ቤቱ አሮጌውን የደብዳቤ መደርደሪያ ሊጥል ሲል ለምኖ ወደ ቤት አስጫነው። መቶ ሃምሳ ጎጆ፣ ማለትም ትንንሽ ክፍት ሳጥን፣ ያለው ትልቅ የእንጨት መደርደሪያ ነው፤ የሳሎናችንን አንድ ግድግዳ በሙሉ ይዟል። ደብዳቤ ይቀመጥበት የነበረው ጎጆ ሁሉ የቃል ካርድ ይቀመጥበት ጀመር። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ቃሉ፣ ፍቺውና ምሳሌው አለ። ከግርጌው ሁለት መስመር አለ፤ በሁለቱም መነሻ ላይ «ከማን ተሰማ» የሚል ተጽፏል። ሁለቱ መስመር ካልሞላ ቃሉ መጽሐፍ ውስጥ አይገባም። «አንድ አፍ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለት አፍ ሲለው ግን ቋንቋ ነው» ይላል። ከመጽሐፍ ያነበበ አፍ ደግሞ አይቆጠርለትም።

መጽሐፉ አንድ ጊዜ ብቻ ታተመ፤ አንድ ሺህ ቅጂ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ በሕይወቴ መጀመሪያ ያረምኩት መጽሐፍ እሱ ነው። መግቢያውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቢያንስ ከሁለት ሰው አፍ ያልሰማሁት ቃል አንድም የለም።» አባቴ በሕይወቱ የኮራበት ነገር ቢኖር ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የመምህሩን የመጀመሪያ እትም ገዛሁና በቀጥታ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ መነጽሩን አጥልቆ፣ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ረጅም ጊዜ አገላበጠው። እኔ እሳት ለብሼ እጠብቃለሁ።

«ጎሽ!» አለ በመጨረሻ። «'ልጓም' ላይ የነበረችኝን ስህተት አርሟታል።»

«አባዬ! ሰውዬው ዘርፎሃል እኮ!»

«ምኔን ዘረፈኝ? ቃላቱን እኔም ከሰው ነው የወሰድኳቸው። ደብዳቤ የሚለይ ሰው ደብዳቤው የኔ ነው ይላል እንዴ?»

«ደብዳቤውን ማን አለህ? ልፋትህን ነው የምልህ። ሰው የለፋበት ነገር በተፈጥሮው የራሱ ነው። ማንም ሕግ አውጥቶ እስኪሰጠው አይጠብቅም። ወፍ እንኳ የሠራችው ጎጆ የሷ ነው።»

«ወፏ ጭራሮውን ስትለቅም ማንን አስፈቀደች?»

ከአባቴ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ይህኔ እናቴ ከኩሽና እጇን እየጠራረገች መጣች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ከአርባ ዓመት በላይ ከኔ ጋር ነው የኖርኩት እንዳትል፤ ከካርድ ጋር ነው የኖርከው። ያ ሁሉ ልፋት ያንተ ካልሆነ የኔ ነው፤ የበላው የኔን ጊዜ ነዋ! እስቲ አሳዩኝ።» መጽሐፉን ተቀበለችኝና ጣቴ ያለበትን መስመር አነበበች። ከዚያ ጮኸች። «ውይ! ድስቴ! ሰውዬው የኔን ድስት ምን አገባው? አንተ በሰው ፊት ያሳጣኸኝ አንሶ ደሞ እሱ ይድገመው?»

ሃያ ዓመት ያኮረፈችበት ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ላረረ ድስት መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቷን ይቅር ብላው አታውቅም። አባቴም እኔን ችላ ማለት ይችላል፤ እሷን ግን አይችልም። በማግስቱ ሦስታችን ጠበቃ ጋ ሄድን።

ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ፈጣን ተናጋሪ፣ ቁጭ ማለት የማትወድ። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ከእንግዳ ወንበሮቹ አንዱ እግሩ ስለሚወላገድ አባቴ ሙሉውን ሰዓት እንደ ፈረሰኛ ሚዛኑን ጠብቆ ተቀመጠ።

«ቃል በሕግ አይጠበቅም» አለች ወዲያ ወዲህ እያለች። «የሚጠበቀው አገላለጹ ነው። እርስዎ ቃሉን የፈቱበት መንገድ፣ የመረጡት ምሳሌ፣ እሱ የርስዎ ነው። ጥበቃው በሕይወት እስካሉ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ይዘልቃል።»

«ከሃምሳ ዓመት በኋላስ?» አለ አባቴ።

«የሁሉም ይሆናል።»

አባቴ ከነወንበሩ ወደኔ ዞረ። «ሰማሽ? በተፈጥሮ የኔ ቢሆን ኖሮ ቀን ይቆረጥለት ነበር? እኔ በሞትኩ በሃምሳ አንደኛው ዓመት አባትሽ መሆኔ ይቀራል?»

መሸነፍ አልወድም። «ሕግ ቀን የቆረጠለት እኮ መጀመሪያውኑ ያንተ መሆኑን ስላመነ ነው» አልኩት። «ያንተ ያልሆነውን ነገር እስከ መቼ ያንተ ነው ብሎ ማን ይጨነቃል?»

«ወይም ሕግ ራሱ ስላዋሰኝ ነው» አለ አባቴ። «የሚመለስበት ቀን የሚጻፈው የተዋስሽው ነገር ላይ ነው።»

ጠበቃዋ ሳቀች። «ይሄንኑ ጥያቄ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተከራክረንበት፣ ሳንስማማ ተመረቅን። ችሎት ግን የሚፈልገው ማስረጃ ነው። ከርስዎ መጽሐፍ በቀር የትም የማይገኝ፣ እዚህኛው ላይ ግን ያለ ነገር አምጡልኝ።»

ገጹን አውጥቼ ሰጠኋት። የጠቆምኳት ድስቱን ነው። እሷ ግን ከድስቱ በፊት ቆመች።

«ስንብቶሽ ምንድን ነው?»

«እንዴ፣ ስንብቶሽ ነዋ» አልኳት። «በር ላይ ቆሞ ማውራት። ሰው ሁሉ የሚለው ነው።»

«እኔ ሰምቼው አላውቅም።» ወደ መደርደሪያዋ ሄደች። ሁለት ሌሎች መዝገበ ቃላት አወረደች፣ አገላበጠች፤ የለም። ፊቷ ቀስ እያለ በራ። ስልኳ ላይ ፈለገች፤ የለም። «ይሄማ ወጥመድ ነው! ካርታ ሠሪዎች ገልባጭ ለመያዝ የሌለ መንደር ያስገባሉ ይባላል። እርስዎም የሌለ ቃል አስገቡ፣ እሱም ሳያውቅ ዋጠው! እርስዎ ነዎት የፈጠሩት፣ አይደል?»

አባቴ ወለሉን አየ። እሷ ዝምታውን እንደ ትሕትና ቆጥራ መጻፍ ጀመረች። «ቃለ መሐላ ይፈርሙልኛል። 'ይህን ቃል እኔ ፈጠርኩት፤ ከእኔ በፊት ማንም አላለውም' ይላል። በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ።»

«ድስቱስ?» አለች እናቴ።

«ድስቱ ይቆየን፣ እማማ።»

ወረቀቱ ታትሞ መጣ። አባቴ እስክሪብቶውን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «አልፈርምም» አለ። ምክንያቱን ብትጠይቀው፣ ብትለምነው አልተናገረም።

ቤት ስንደርስ ጫማውን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እጁን ወደ አንዱ ጎጆ ሰድዶ አንድ ካርድ መዘዘና ለኔ ሰጠኝ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ቃሉ አለ፣ ፍቺው አለ፣ የእናቴ ድስት አለ። ከግርጌው በመጀመሪያው መስመር «ከማን ተሰማ» በሚለው አጠገብ «ልጄ፣ የስድስት ዓመት፣ ደጃፍ ላይ» ይላል። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።

«ጎረቤታችን የነበረችውን ልብስ ሰፊ ታስታውሻታለሽ?» አለኝ። «አንድ ቀን እናትሽን ልትሰናበት ተነሳች። በር ላይ ቆሙ፤ አንድ ሰዓት ሆናቸው። እኔ ከሥራ ስመጣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል። አንቺ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሻል። እናትሽ ምን እየሠራች ነው ብዬ ጠየቅኩሽ። 'ስንብቶሽ እየተጫወቱ ነው' አልሽኝ።»

እኔ አላስታውሰውም። ድብብቆሽና አባሮሽ ስጫወት የዋልኩ ልጅ፣ ትልልቆቹም ጨዋታ ላይ ያሉ መስሎኝ ለጨዋታቸው ስም አወጣሁላቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ስንለው ኖርን። እኔም ሰው ሁሉ የሚለው መስሎኝ አደግኩ። መጽሐፉን ሳርም «ስንብቶሽ» ላይ ደርሼ ቅንጣት ሳልጠራጠር አለፍኩት። በሙያዬ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

«ከቤታችን ውጭ ሁለተኛ አፍ አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቅኩ» አለ አባቴ። «በየበሩ፣ በየወረፋው ጆሮዬን ጣልኩ። አንድ ሰው የለም። መጽሐፉ ሊታተም ሲል ካርዱን ማውጣት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ሃያ አንድ ሺህ የሰው ቃል ሰብስቤ፣ አንድ እንኳ የልጄ ይግባ አልኩ።»

እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ካርዱን ይዤ የእናቴ የስፌት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አባቴ በሕይወቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ የጣሰው ለኔ ብሎ ነው።

«አሁን እኔ ፈጠርኩት ብዬ ብምል ዋሸሁ» አለ። «እውነቱን ብናገር ደግሞ መግቢያዬ ውሸት ሆነ። ሰው ሁሉ 'አንዷ ውሸት ከሆነች የቀሩትስ?' ይላል። ስሜን ላስመልስ ብዬ ስሜን ላጥፋ?»

«ተወው በቃ፣ አባዬ። ክሱ ይቅር።»

ካርዱን ከእጄ ተቀበለ። «የለም» አለ። «ክሱ ይቀጥል። መሐላው ግን ይቅር። የሚጠይቀኝ ካለ ያኔ እመልሳለሁ።» የሚጠይቀው እንደማይጠፋ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የችሎቱ አዳራሽ ትንሽ ናት። አግዳሚዎቹ የትምህርት ቤት አግዳሚ ይመስላሉ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ዳኛዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። መምህሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሌባ ይመስላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀጭን፣ እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለበት፣ ቦርሳው በተማሪ ደብተር ያበጠ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ተናደድኩ። ሰው የሚጠላው ሰው ቢያንስ ፊቱ ሊያግዘው ይገባል።

ጠበቃዋ ያለ መሐላውም ቢሆን ቃሉን ይዛ ገባች። «ይህ ቃል በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ከደንበኛዬ መጽሐፍ በቀር!»

መምህሩ በትሕትና ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቃል ባለቤት የለውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። 'ድብብቆሽ' የሚል ሁሉ 'ስንብቶሽ' ማለት ይችላል፤ ቋንቋው ራሱ መንገዱን ጠርጎ ሰጥቶታል። ተማሪዎቼ ይሉታል።» ከቦርሳው ደብተሮች አውጥቶ ደረደረ። «በዘንድሮ ድርሰት ብቻ አሥራ አንድ ልጆች ጽፈውታል።»

አባቴ አንገቱን እንደ ቀጭኔ አሰገገ። «አንዱን እንኳ ቢያሳዩኝ» አለኝ በሹክሹክታ፤ ዓይኑ እንደ ልጅ ይበራል። ጠበቃዋ ጎኑን ጎሸመችው። ወዲያው ግን ትከሻው ወረደ። «አይ» አለ ለራሱ፣ «ከሱ መጽሐፍ ነው የተማሩት። አይቆጠርም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። «አባባ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ይህ ቃል የርስዎ ነው?»

አባቴ ተነሳ። የአግዳሚውን ጫፍ ያዘ። እኔ የጠበቃዋን ፊት ማየት አልቻልኩም።

«የኔ አይደለም» አለ።

ማራገቢያው ቀጭ አለ።

«አንድ ልጅ ናት ያለችው፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔ ሰማኋት እንጂ አልፈጠርኩትም። ከቤታችን ውጭ ደግሞ ከማንም አልሰማሁትም። መግቢያዬ ላይ ከሁለት ሰው ያልሰማሁት ቃል የለም ብዬ ጽፌያለሁ፤ እዚያ ላይ ዋሽቻለሁ። ሃያ ዓመት ሳፍርበት ኖሬያለሁ።» ወደ ዳኛዋ ቀና አለ። «ሌላውን ሁሉ ግን ሰምቻለሁ።»

ተቀመጠ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው በሰው ፊት እንዲህ ሲያንስ ማየት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ያን ሰዓት ፕሩፉን ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ እዚያ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ጠበቃዋ ወረቀቶቿን ታስተካክል ነበር፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረም። ክሱ እዚያው አግዳሚው ላይ ሞቷል።

ይህኔ ከኋላ እናቴ ተነሳች።

«ክብርት ዳኛ፣ ቃሉን ይውሰዱት!» አለች። «ቃል ለሁሉም ይበቃል። ድስቱ ግን የኔ ነው!»

አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛዋ ግን እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙና ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ከፈቱ። ምሳሌውን ከአንዱ አነበቡ፣ ከሌላው አነበቡ። «እማዬ በስንብቶሽ ድስት አሳረረች። እማዬ በስንብቶሽ ድስት አሳረረች።» ከዚያ ቀና አሉ።

«መምህር፣ ቃሉን ከተማሪዎችዎ ሰሙ እንበል። ይቺ እማዬ ማን ናት?»

መምህሩ ዞሮ እናቴን አያት፤ እሷም አንገቷን ቀጥ አድርጋ አየችው።

«እውነተኛ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ወርዷል። «መጽሐፉን ተማሪ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት፤ አልመለስኩትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ቅጂ ፈልጌ አጣሁ። ገጾቹ እጄ ላይ አለቁ። አስተማሪ ስሆን ተማሪዎቼ መዝገበ ቃላት የላቸውም። በእጄ እየገለበጥኩ አባዛሁላቸው። እያደር ጨመርኩበት፣ አረምኩት። አሳትመው አሉኝ፤ አሳተምኩት።»

«የባለቤቱን ስም ለምን አልጻፉም?»

«የሞቱ መስሎኝ ነበር።»

አባቴ ድንገት ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ብሞትም እኮ ሃምሳ ዓመት ይቀረኝ ነበር» አለ። «ጠበቃዬን ጠይቃት!»

ዳኛዋም ፈገግታቸውን በመነጽራቸው ሸፈኑ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ይህ መብት ከተፈጥሮ ይምጣ ከሕግ፣ ይህ ችሎት ዛሬ ሊወስን አይችልም። ቃሉን ለማንም አንሰጥም። ቃሉ የተፈታበት አገላለጽና የእናታችን ድስት ግን ባለቤት አላቸው። መጽሐፉም እንደዚሁ።» አንድ ሰዓት ሰጥተውን ተስማምተን እንድንመጣ አዘዙ።

አንድ ሰዓት አልፈጀም። መምህሩ ሁለተኛው እትም ሽፋን ላይ የአባቴ ስም ከላይ፣ የሱ ስም ከታች «ያሻሻለው» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማማ። አባቴም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ መግቢያው ይታረም አለ። «አንድም የለም» የሚለው «ከአንድ በቀር የለም» ይባል። እኔ ተው ብለው አልሰማኝም። የችሎቱ መዝገብ ጸሐፊ ስምምነቱን ጻፈችው፤ ሁላችንም ፈረምን።

ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ከፍርድ ቤቱ ለመውጣት ትልቁ የብረት በር ጋ ደረስን። መምህሩና አባቴ ተጨባበጡ፤ ደህና ሁኑ ተባባሉ። ከዚያ መምህሩ «ይቅርታ፣ 'ልጓም' ላይ ግን…» አለ። አባቴም «እሷን ስላነሳህ ጥሩ ነው» አለ። ከ«ልጓም» ወደ «ልጥ»፣ ከ«ልጥ» ወደ «መቀነት» ተሻገሩ። እናቴ በበኩሏ መዝገብ ጸሐፊዋን ይዛ የድስቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራለች። ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ ቻው ብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐዩን እሞቃለሁ።

በር ጠባቂው አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ የሚያዞር ሰው ነው። ትንሽ ታገሠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኧረ አባባ፣ እማማ፣ እባካችሁ! በሩን ልዘጋ ነው፤ ስንብቶሹን ውጭ ጨርሱት!»

ወሬው ሁሉ በአንዴ ቆመ። መምህሩ እኔን አየኝ፣ እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ጠባቂው ተራመደ።

«ልጄ፣ አሁን ምን አልክ? እስቲ ድገማት።»

ሰውየው ደነገጠ። «ምነው አባባ? ማስቀየሜ አይደለም። በሩን ልዘጋ ስለሆነ ስንብቶሹን…»

«ይሄን ቃል የት አነበብከው?»

«ማንበብ?» ጠባቂው ሳቀ። «እኔ ለማንበብ ጊዜ የት አለኝ? እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚለው እኮ ነው። እናቴም ትለዋለች።»

ከኛ ደጃፍ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ እሱ ሰፈር እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከዓመታት በፊት ቤት ቀይራ ነበር፤ በሕይወቷ አንድ ስንብት በወቅቱ ጨርሳ የማታውቅ ሴት ናት። ምናልባት ይዛው ሄዳ ይሆናል። ምናልባትም የሌላ ሰው ልጅ ሌላ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ለብቻዋ ብላው ይሆናል።

አባቴ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ካርዱ እዚያ ነበር፤ ለማስረጃ ይዞት መጥቶ ማንም አልጠየቀውም። ሌላውን ኪሱን ዳበሰና ወደኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። የሰጠሁት ቀዩን እስክሪብቶዬን ነው፤ ሌላ የለኝም። ካርዱን በሩ ላይ አስደግፎ ሠላሳ ስድስት ዓመት ባዶ በነበረው ሁለተኛ መስመር ላይ «የፍርድ ቤት በር ጠባቂ፣ በር ላይ» ብሎ ጻፈ።

በስድስት ዓመቴ የኔ የነበረው ቃል ያኔ ሄደብኝ። ማንም አላስፈቀደኝም፤ ሕግም ቀን አልቆረጠለትም። ተዘርፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«መዝገብ ጸሐፊዋ አልሄደችም አይደል?» አለ አባቴ ካርዱን በእስትንፋሱ እያደረቀ። «ንገሪያት። መግቢያው አይታረም፤ እንዳለ ይታተም።»

መዝገብ ጸሐፊዋ የት ትሄዳለች? እናቴ ድስቱን ገና እሳት ላይ አልጣደችውም።